«ውሃ ነው» ያልኩ ዕለት

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከሥራው ይብስብኛል። ቤተክርስቲያን ውስጥ ግማሹ ሰው ነርስ ነች ብሎ ያምናል፤ ሌላው ደግሞ ዶክተር አድርጎኝ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያማክረኛል። ሁለቱም አይደለሁም። በአንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ባለጎማ ጋሪ እየገፋሁ፣ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ፣ ትናንት የተወለዱ ሕፃናት መስማት አለመስማታቸውን እፈትሻለሁ። ይህን ስናገር ብዙዎቹ ይስቃሉ። አንዲት የኳየር እህት «እዚህ አገር ፈተናው ከማኅፀን እንደወጡ ነው የሚጀምረው በይኛ!» ብላ አሹፋብኛለች።

ፈተናው ከስሙ ይቀላል። ሕፃኑ ጠብቶ ሲያሸልብ ግንባሩ፣ ማጅራቱና ትከሻው ላይ ትንንሽ ተለጣፊዎች አደርጋለሁ፤ ጆሮዎቹን በለስላሳ ክዳን እሸፍናለሁ። ማሽኑ ጠቅ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ይልካል፤ አንጎሉ ለድምፁ መልስ መስጠቱን ተለጣፊዎቹ ያነባሉ። ከሕፃኑ የሚጠበቀው መተኛት ብቻ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ለእያንዳንዱ ጆሮ ስክሪኑ ላይ ከሁለት ቃል አንዱ ይወጣል፤ ወይ «ፓስ» ወይ «ሪፈር»። ሪፈር ማለት ልጁ አይሰማም ማለት አይደለም። እንደገና ይታይ ማለት ነው።

እኔ ባለሁበት በሚኒሶታ ግዛት ሕፃናት ከሆስፒታል ሳይወጡ እንዲፈተሹ ሕግ አለ። ውጤቱም፣ ያለፈውም ያላለፈውም፣ ወደ ግዛቱ ጤና ቢሮ ይላካል። ከቢሯችን ግድግዳ ላይ «አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በአንድ ወር ተፈትሾ፣ በሦስት ወር ችግሩ ተለይቶ፣ በስድስት ወር እርዳታው ተጀምሮ ማለት ነው። የሕፃን አንጎል ቋንቋ መልቀም የሚጀምረው እኛ ገና ምንም አያውቅም በምንልበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሳይሰማ ያለፈው ወር አይመለስለትም። እኔ ያንን ወረቀት ለዓመታት በየቀኑ እያየሁ፣ አንድም ቀን ከልቤ ሳላነበው ኖሬያለሁ።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በጥር መጨረሻ፣ መኪናዬ በብርድ አልነሳ ብላኝ ከምኖርበት ከሮዝቪል ጎረቤቴ ያደረሰችኝ ዕለት፣ ስም ዝርዝሬ ላይ የእኛ አገር ሰው ስም አየሁ። ደስ አለኝ። ሁልጊዜም ደስ ይለኛል።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት እናት ናት፤ ወሎ ተወልዳ ያደገች፣ ከባሏ ጋር ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የምትኖር። ሌላዋ እናቷ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ከደሴ ከመጡ ሁለት ወር አልሞላቸውም። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ስለዚህ ሁላችንንም የሚያስማማውን መርጬ «እንኳን ፈጣሪ ማረሽ!» አልኩ። አሮጊቷ አማርኛ ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ውይ የኔ ልጅ! አበሻ ነሽ? አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አገኘን።»

ምን ልሠራ እንደመጣሁ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አባቷ ገና እንደተወለደች በቀኝ ጆሮዋ አዛን ብሎላታል። ጸጥ ብላ እንዴት እንዳዳመጠችው ብታዪ! የምን ፈተና ነው የሚያስፈልጋት?» አሉኝ። አዛኑ አዲስ የተወለደ የሙስሊም ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ እንዲሰማው የሚፈለግ ድምፅ ነው። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በዚያ ሰዓት የልጅ ወንበር ሊያመጣ እቤት ሄዶ ነበር፣ ማታውኑ ጭነት ይዞ ይወጣል።

ልጅቱ እንደ መልአክ ተኝታለች። ፈተሽኳት። ቀኝ ሪፈር፣ ግራ ሪፈር። በማግስቱ ጠዋት፣ ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ፣ እንደ ደንቡ ደግሜ ፈተሽኳት። አሁንም ሁለቱም ሪፈር።

እዚህ ላይ ማድረግ ያለብኝ ነገር ግልጽ ነበር። ቃል በቃል የምናገረው በካርድ ተጽፎ ኪሴ ውስጥ አለ። ልጅዎ ዛሬ በሁለቱም ጆሮዋ አላለፈችም፤ ምክንያቱ ጆሮዋ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ የመስማት ችግርም ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ማወቅ ስለማይቻል ቀጠሮው እንዳያልፍ። በቃ ይኸው ነው። ለቋንቋውም በስክሪን የሚመጣ አስተርጓሚ አለ። እኔ ግን የሆስፒታሉን የቋንቋ ፈተና ስላለፍኩ አስተርጓሚውን አልጠራሁም። የራሴን ሰው በራሴ አፍ ላናግር እንጂ ብዬ ስክሪኑን ወደ ጥግ ገፋሁት።

ስዞር አሮጊቷ እያዩኝ ነው። የታችኛውን ከንፈራቸውን ነክሰው በዓይናቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱኝ። አበሻ የሆነ ሁሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል። አራስ ናት፣ ደም ፈሷታል፣ ክፉ ወሬ እንዳታሰሚያት ማለት ነው። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ልጃቸው እንድትሰማ፣ «አዛኑን ሰምታለች አይደል?» አሉኝ።

«ሰምታለች እንጂ!» አልኩ። «ጆሮዋ ውስጥ ትንሽ ውሃ ቀርቶ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ብቅ ትላላችሁ። አይዞሽ፣ ምንም እንዳትጨነቂ።»

እናትየዋ ፈገግ ብላ «እሺ» አለች። አሮጊቷ አገላብጠው ሳሙኝ፤ መረቁኝ፤ ከፔርሙዝ አጥሚት ቀድተው ካልጠጣሽ ብለው ያዙኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ክፍል የወጣሁት በራሴ ኮርቼ ነው።

ብዙ ጊዜ በእርግጥም ውሃ ነው። ብዙዎቹ ሪፈር ያሉት ሕፃናት ሲመለሱ ያልፋሉ። ስለዚህ ዋሽተሻል ብሎ ሰው ቢይዘኝ የምከራከርበት ነገር ነበረኝ። ግን ሊሆኑ ከሚችሉ ሁለት ነገሮች አንዱን ብቻ መርጬ ነገርኳት፤ የመረጥኩትም እሷን የሚጠቅመውን ሳይሆን ለእኔ ለመናገር የሚቀለውን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ያየሁትን ጻፍኩ፤ ሪፈር፣ ሁለቱም ጆሮ። እሱን በልማድ ስለማደርገው ሁለት ጊዜ አላሰብኩበትም። ወረቀቱ ወደ ጤና ቢሮው ሄደ፣ እኔም ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ።

አንድ ወር እንዳለፈ፣ የክትትሉ አስተባባሪ ወደ እኔ መጣች። በስልሳዎቹ ውስጥ ያለች ነጭ ሴት ናት፣ ከሰሜን ሚኒሶታ የገበሬ ልጅ፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ስልክ ስታወራ እጇ ሹራብ ይሠራል። ሥራዋ ሪፈር ተብለው ያልተመለሱ ሕፃናትን መፈለግ ነው። ከግዛቱ ቢሮ ዝርዝሩ ይመጣላታል፤ እሷ ደግሞ አንድ ስም እስኪሰረዝ ድረስ አትለቅም። እኛ በሌለችበት «መዥገር» እንላት ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለን።

«አንድ ቤተሰብ አስቸግሮኛል፤ የአንቺ አገር ሰዎች ይመስሉኛል» አለችኝ። «ሁለት ቀጠሮ አለፋቸው። እናትየዋ ስልክ አታነሳም። አባትየው በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ በአስተርጓሚ ስንደውልለት ሁልጊዜ እሺ ይለኛል። ግን አይመጡም።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሺ ስንል ሁልጊዜ እናደርገዋለን ማለታችን እንዳልሆነ፣ አንዳንዴ ሰው እንዳይቀየመን፣ አንዳንዴም ስልኩ እንዲዘጋ ብቻ እንደምንለው አስረዳኋት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችኝ። የተወለደችበትን ቀን አየሁ፣ የክፍሉን ቁጥር አየሁ። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ምን እንዳልኩ ከእኔና ከሁለቱ ሴቶች በቀር የሚያውቅ የለም። ግን ከአስተባባሪዋ ጋር ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘግቼ ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ውሃ ነው እንዳልኩ፣ አትጨነቂ እንዳልኩ፣ ሰምታለች እንዳልኩ። ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለምን?» አለችኝ፣ ሳትቆጣ፣ ማወቅ ፈልጋ።

ለዚህ መልስ ስፈልግ ያገኘሁት የአባቴን ሞት ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ አዳማ አረፈ። ወንድሜ በየሳምንቱ ስደውልለት «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ይለኝ ነበር፤ ሌላ ጊዜ «አሁን ወጣ»። አብረውኝ የሚዘምሩት ሰዎች ያውቃሉ፣ አጎቴ ያውቃል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ፊሊፕስ ሰፈር የነበረው አፓርታማዬ ተንኳኳ። በሩን ስከፍት የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሞቱ ብቻ አይደለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሞተ ሰው ሰላምታ ስልክ መኖሬ ነው። ያኔ ወንድሜን ሁለት ወር አኮረፍኩት። እሱ ያደረገው ግን አዝኖልኝ ነው፤ እኔም ለዚያች አራስ ያደረግሁት አዝኜላት ነው። ለካስ ሳላውቀው ተምሬዋለሁ።

አስተባባሪዋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ተነስታ ግድግዳዋ ላይ ያለውን ካላንደር በጣቷ ቆጠረችው። «ሠላሳ ሁለት ቀኗ ነው» አለች። «ሦስት ወር ገና ነው። ጊዜ አለን። የተፈጠረውን ለአለቃሽ ትጽፊያለሽ፣ አብሬሽ እገባለሁ። መጀመሪያ ግን እንደውል።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስላልተቆጣች እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

የደወልነው ለአባትየው ነው። የሆነ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነዳጅ እየሞላ ነበር፣ ንፋሱ በስልኩ ይሰማል። አማርኛ ስናገር ደስ አለው።

«ሲስተር፣ እንዴት ነሽ? እኔ ሮድ ላይ ነኝ። ማዘር አርባ ቀን ሳይሞላ ከቤት አይወጡም ብላለች፤ ብርዱም እንደምታዪው ነው። ደግሞ ውሃ ነው ተብለናል፣ ሲሪየስ ነገር አይደለም። አፖይንትመንቱን ወደ ኋላ ፑሽ አድርጊልን።»

«ውሃ ነው ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አልኩት። «ባለቤትህን ማናገር አለብኝ። አሁን።»

ድምፄ ውስጥ የሰማው ነገር ይኖራል። ምንም ሳይጠይቅ መስመሩን አገናኘን። እሷ «ሃሎ» ስትል ከበስተጀርባዋ ልጅቱ ስታለቅስ ሰማሁ። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ ነበር፣ ግን አላነበብኩትም።

«እህቴ፣ ያን ቀን የነገርኩሽ ግማሹን ነው። ልጅሽ በሁለቱም ጆሮዋ አላለፈችም። ውሃ ሊሆን ይችላል። ላትሰማም ትችላለች። ሁለቱንም ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። አራስ ስለሆንሽ ፈርቼ አንዱን ደበቅኩሽ። አጥፍቻለሁ። ሰኞ ቀጠሮ አለ፤ ቶሎ ከመጣችሁ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ።»

ንፋሱ በአባትየው ስልክ ይሰማል። እናትየዋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ፈረንጅዋ ብትነግረኝ ኖሮ ደግሜ እጠይቃት ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ነው ያመንኩሽ።»

ይቅርታ አልኳት፤ ይቅርታው ለራሴም ቀሎ ታየኝ። እንባዬን አስተባባሪዋ አየችና ሶፍት አቀበለችኝ።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?» አለች እናትየዋ።

ለሰኞ አጥቢያ በረዶ ሲጥል አደረ፤ ጠዋት መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። አይመጡም ብዬ ደምድሜ ነበር። ከቀጠሯቸው ሃያ ደቂቃ ቀድመው መጡ። የሕንፃቸው ጎረቤት ነው ያደረሳቸው። አሮጊቷ ልጅቱን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በላዩ ላይ የራሳቸውን ጋቢ ደርበው፣ የበረዶውን አገር ሁሉ እየረገሙ ገቡ። አርባው ሊሞላ አምስት ቀን ይቀረዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። አልፈረድኩባቸውም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በኋላ አሮጊቷ ወለሉን እያዩ ጀመሩ።

«ባለፈው የድስት ክዳን ከእጄ አመለጠኝ። ታች ፎቅ ያለው ሰው ሳይቀር ደንግጦ መጥቶ በር አንኳክቷል። እሷ ግን እዚያው አጠገቤ ተኝታ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። የዚያን ቀን አወቅሁት። ለአራስ አይነገርም ብዬ ዋጥኩት።»

እናትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔም አውቄያለሁ፣ እማ» አለች። «ስታለቅስ ከኋላዋ ሆኜ ሳባብላት ጸጥ አትልም። አንቺ ስንት አገር አቋርጠሽ መጥተሽ እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እንግዲህ ሦስታችንም አውቀን ተቀምጠናል። አንዲት የአምስት ሳምንት ሕፃን ከበን፣ ሦስት ትልልቅ ሴቶች፣ አንዳችን ሌላችን እንዳትደነግጥ እየተጠነቀቅን፣ የሷን ቀን ስንበላባት ከርመናል። መጀመሪያ የሳቁት አሮጊቷ ናቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ አለቀስንም። ስም የምትጠራው ልጅ ብቅ ብላ ግራ ገብቷት ተመለሰች።

ሰኞም ሁለቱም ጆሮዋ ሪፈር አለ። ውሃ አልነበረም። ከአሥር ቀን በኋላ በተደረገው ሙሉ ምርመራ ልጅቱ ጮክ ያለውን በመጠኑ እንደምትሰማ፣ በመደበኛ ድምፅ የሚወራውን ግን እንደማትሰማ ታወቀ፣ በሁለቱም ጆሮዋ። የመስሚያ መሣሪያ እንደሚረዳት ለእናትየዋ ነገሯት። ያን ቀን የተረጎመው በስክሪን የመጣው ሰውዬ ነው። እኔን ግን እናትየዋ ራሷ ጠርታ ጥግ አስቀመጠችኝ። «ሰውዬው የሚለው ትክክል መሆኑን ተከታተዪልኝ» አለችኝ። አሁንም ተቆጥታኛለች፣ ግን ጠርታኛለች። እኔም ያን ያህል በጆሮዬ ሁሉ አዳምጬ አላውቅም።

መሣሪያው ሲመጣ ልጅቱ ሦስት ወር ሊሆናት ጥቂት ቀናት ይቀሯት ነበር። ቀለም ምረጡ ተባሉ። አሮጊቷ ሰው እንዳያየው የቆዳዋን ቀለም የሚመስለውን አነሱ። እናትየዋ ከእጃቸው ወስዳ መለሰችውና ደማቅ ወይን ጠጁን መረጠች። «ይታይ» አለች። «የተደበቀው ይበቃናል።»

አባትየው መኪናውን አቁሞ መጥቶ ነበር፤ የሥራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። የጆሮ ባለሙያዋ ሁለቱን ወይን ጠጅ መሣሪያዎች ካደረገችላት በኋላ «አሁን አናግሯት» አለች። ምን ይባላል? እናትየዋ ባሏን አየችው። እሱ ጎንበስ አለና በቀኝ ጆሮዋ፣ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ፣ አዛን ጀመረ።

ልጅቱ ጡጦ እየጠባች ነበር። መጥባቷን አቆመች። ዓይኖቿ ትልልቅ ሆኑ፣ ጡጦው ከአፏ ወጣ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቀለ። አልቅሳ ልትፈነዳ ነው ብለን ስንፈራ እንደዚያው ሆና ቀረች፣ እያዳመጠች። አባትየው ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት፣ ሁለት ጊዜ ቀጠለ፣ እስከ መጨረሻው አደረሰው። ባለሙያዋ ምን እንደሚል አታውቅም፤ ግን እጇን እንኳ ሳታንቀሳቅስ ጠበቀችው። አሮጊቷ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታረቁኝ። እኔ የእሱ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ግን ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ጌታዬን ያመሰገንኩት ምስጋና ቤተክርስቲያን ውስጥ ካመሰገንኩት ሁሉ ይበልጣል።

ሕግን ማመስገን በእኛ አልተለመደም። ሕግ ሲባል የሚታየን ፖሊስና የመኪና ቲኬት ነው። እኔ ግን አመሰግነዋለሁ። አንድ ቦታ ያሉ ሰዎች ቁጭ ብለው፣ የፈተሸው ሰው ቢዘነጋም ቢፈራም ውጤቱ ከእሱ እጅ ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ይድረስ ብለው ጽፈዋል። አሮጊቷን ከንፈር ያስነከሰች፣ እኔንም ያስዋሸች ይሉኝታ ወረቀቱ ላይ አልደረሰችም። አፌ ያደናቀፋትን ልጅ ወረቀቱ አነሳት። ወረቀቱ ብቻውን ግን የትም አያደርስም ነበር፤ ስልክ ይዛ፣ ሹራቧን እየሠራች፣ አልለቅም የምትል አንዲት ሴት ባትኖር። አሁን ጡረታ ወጥታለች። ስትሸኝ የሠራችልኝን አረንጓዴ ሹራብ በየክረምቱ እለብሰዋለሁ፣ አንዱ እጅጌው ከሌላው ይረዝማል።

እኔም ሌላ ሰው ሆኛለሁ ባልል እንኳ ሌላ ሠራተኛ ሆኛለሁ። አስተርጓሚውን እጠራለሁ፤ አማርኛ ተናጋሪ ሲሆኑ ከሰላምታውና ከምርቃቱ በኋላ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፣ ሊሆን የሚችለውን ሁለቱንም እናገራለሁ፣ ከዚያ የሰሙትን መልሰው እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። ከንፈር የሚነክሱብኝ አያቶች አሁንም አሉ። «እማማ፣ አብረን ብንነግራት ይሻላል» እላቸዋለሁ። «አይዞሽ» የምለው በመጨረሻ ነው። አስቀድሜ ካልኩት ሰው ሌላውን አይሰማልኝም።

ባለፈው መኸር አንድ ጠዋት ነርሷ ተጨንቃ ፈለገችኝ። «አንዲት እናት አንቺን ትፈልጋለች። ያቺ የዋሸችኝ ትምጣ አለች። ችግር አለ?»

«የለም» አልኳት። ጋሪዬን እየገፋሁ ሄድኩ።

እሷው ናት። ወንድ ልጅ ወልዳ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አሮጊቷ እንደገና መጥተዋል፣ ትንሽ ጎብጠዋል፣ ፔርሙዙ ያው ነው። መስኮቱ አጠገብ ያቺ ልጅ ቆማለች፣ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ከጆሮዋ ኋላ ወይን ጠጅ መሣሪያ አድርጋ። አያቷ ሰላም በያት ሲሏት በእንግሊዝኛ «አሁን ቢዚ ነኝ» አለች፤ ስዕል እየሳለች ነበር። አያቷ ተቆጧት። እኔ ግን ያን መልስ ደግማ ብትለኝ ባልጠላሁ።

«እንኳን ፈጣሪ ማረሽ!» አልኩ። «ሌላ ሰው አጥተሽ ነው እኔን ያስጠራሽኝ?»

«አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም ብዬ ነው» አለች፣ እየሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «ዙሪያ ጥምጥም የለም። የሆነውን ትነግሪኛለሽ።»

«አዛን ተብሎለታል» አሉ አሮጊቷ። «አንቺም የድርሻሽን ሥሪ።»

ሕፃኑ እንደተኛ ለጠፍኩለት። ልጅቱ ስዕሏን ትታ መጥታ ጋሪዬን ተደግፋ ስክሪኑን ታያለች። የቀኝ ጆሮው ውጤት ወጣ። ግራው ቆየ። ከዚህ በፊት ስንት ሺህ ጊዜ የጠበቅሁት ደቂቃ ነው፣ ያን ቀን ግን እናትየዋን ቀና ብዬ ማየት ከብዶኝ ነበር። ወጣ።

«ሁለቱም ጆሮው አልፏል» አልኳት፣ ዓይኗን እያየሁ። «ዛሬ ይሰማል። ሲያድግ የሚያጠራጥራችሁ ነገር ካለ ደግሞ ይታያል፤ የእህቱ ነገር ስላለ መከታተሉ አይቀርም። ያለው ይኸው ነው።»

እናትየዋ ዓይኗን ጨፍና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ልጅቱ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ «ታዲያ እሱ ፐርፕል አያገኝም?» ወይን ጠጁን መሣሪያ ማለቷ ነው። እንደማያገኝ ስነግራት ከልቧ አዘነችለት። አልጋው ላይ ወጣች። ወንድሟ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አያቷ እንደሚጠሯት አድርጋ፣ በአማርኛ «ባቢ፣ እኔ ነኝ፣ እህትህ» አለችው። ሕፃኑ በእንቅልፉ እግሩን አወራጨ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰማኝ?»

አሮጊቷም ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከንፈራቸውን አልነከሱም።

«ሰምቶሻል» አልኳት። ይህን ያልኩት ስክሪኑን አይቼ ነው።